ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ፦ የገጠር ጎዳና ዕዳ የማን ነው?

ሲያትል ውስጥ ከመሐል ከተማው በስተደቡብ፣ በወደቡና በባቡር ሐዲዶቹ መካከል የተዘረጋው የመጋዘንና የፋብሪካ ሰፈር ሶዶ ይባላል። የስሙ ምንጭ ጉራጌም ወላይታም አይደለም። ኪንግዶም የሚባለው ባለጉልላት ስታዲየም በቆመበት ዘመን «ከጉልላቱ በስተደቡብ» ለማለት የሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻዎች ተጋጥመው የተገኘ አጠራር ነው። ስታዲየሙ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 በፈንጂ ሲፈርስ ስሙ አብሮት አልፈረሰም፤ ዛሬ «ከመሐል ከተማው በስተደቡብ» ተብሎ ይተረጎማል። ከዚሁ ሰፈር ጫፍ ኢንተርስቴት 90 የሚባለው አውራ ጎዳና ይነሣል። መንገዱ የካስኬድን ተራሮች ተሻግሮ፣ የሞንታናንና የዳኮታን የሣርና የስንዴ ሜዳ ሰንጥቆ፣ 4,860 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቦስተን ይደርሳል። በርዝመቱ ከአሜሪካ ኢንተርስቴቶች ሁሉ የሚስተካከለው የለም።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ግን ሶዶ ሌላ መንገድ ያስታውሳል፤ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ከዓለም ገና ተነሥቶ፣ የጉራጌን የሶዶ ወረዳ አቋርጦ፣ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ የሚያደርሰውን የ310 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር። ይህ መንገድ በታሪካችን ልዩ ቦታ አለው። መንግሥት ቀድሞ ያሰበው አልነበረም፤ ከአገር ቤት ርቀው ከተማ የገቡ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው ያስጀመሩት ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ከአገሩ የወጣ ሰው ለአገር ቤቱ መንገድ መክፈል አለበትን? ከከፈለስ በኋላ መንገዱ የማን ነው? በየሳምንቱ መጨረሻ ለአንድ ድልድይ ወይም ለአንድ ጥርጊያ መንገድ መዋጮ ለሚሰበሰብበት የሲያትል ኢትዮጵያዊ ማኅበረሰብ ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም።

ሐዲድ የቀደመው ሜዳ

ለማነጻጸሪያ የካናዳን የእህል ሜዳ፣ በተለይም የሳስካችዋንን ግዛት እንይ። እዚያ መንገዱ ከሰፋሪው በፊት በወረቀት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የካናዳ የመሬት ሕግ ከመሬት ቅየሳው ጋር ሆኖ ሜዳውን በአንድ ማይል ካሬ ከፋፈለው፤ በካሬዎቹ መካከልም 66 ጫማ ስፋት ያለው ቦታ ለመንገድ ተለይቶ ተያዘ። ይህ ሁሉ ሲሆን የነባሮቹ ሕዝቦች መሬት በውልም በግፊትም ከእጃቸው እየወጣ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ሰፋሪው ገበሬ መሬቱን ሲረከብ መንገድ የሚያልፍበት ቦታ አስቀድሞ ታውቆለት ነበር፤ ቦታው ግን ገና መንገድ አልነበረም። ከባድ ሸክሙን የተሸከመው ሐዲድ ነው። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ በሐዲዱ ዳር የእህል ጎተራ ማማ ቆመ፤ ገበሬው እህሉን በፈረስ ጋሪ እስከ ማማው ያደርሳል፤ የቀረውን ባቡሩ ይወስዳል።

ይህን ሥርዓት አንድ የዋጋ ስምምነት ደግፎታል። እ.ኤ.አ. በ1897 የካናዳ መንግሥትና ዋናው የባቡር ኩባንያ ያደረጉት ውል የእህል ማጓጓዣን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ወሰነ፤ ዝቅተኛው ዋጋም መልኩን እየቀያየረ እስከ 1995 ዘለቀ። በዚያ ዓመት ድጎማው ሲቀር ኩባንያዎቹ ቅርንጫፍ ሐዲዶችን ነቀሉ፤ ትንንሾቹ ማማዎች ተዘጉ፤ እህሉ በጥቂት ግዙፍ ማማዎች ተከማቸ። ገበሬው ከሐዲድ ወደ ከባድ መኪና ዞረ። ለቀላል ተሽከርካሪ በስሱ የተለበጡት የግዛቱ የገጠር ጎዳናዎች ይህን ሸክም አልቻሉም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ የተደረገው ታዋቂ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ የአንድ አክስል ጭነት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሳስካችዋን አንዳንዶቹን ልብጥ መንገዶች ወደ ጠጠር መለሰቻቸው። ከሀብታም አገሮች አንዷ መንገዷን ከአስፋልት ወደ ጠጠር ስታወርድ ነገሩ እንግዳ ይመስላል፤ የሒሳብ ነገር ግን ነው። ወደ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የግዛት አውራ ጎዳና ያላት ሳስካችዋን የሕዝቧ ብዛት ከ1.1 ሚሊዮን ብዙም አይርቅም። መንገድ የሚሠራበት ገንዘብ አንድ ጊዜ ይገኝ ይሆናል፤ የሚጠገንበት ግን በየዓመቱ መገኘት አለበት።

በሁለት መንገዶች መካከል የቀረው ምድር

የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተዘረጉት ዋና ዋና ጎዳናዎች ከአዲስ አበባና ከአሥመራ እንደ ጨረር የሚወጡ፣ ጦርና ስንቅ ለማድረስ የታሰቡ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ብዙዎቹ ጥገና አጥተው ተጎዱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1950 ዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ኢትዮጵያም ከዚህ ባንክ የተበደረች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ሆነች። በተከታዩ ዓመት፣ በ1943 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የመጀመሪያ ሥራውም በአሜሪካ የመንገድ ቢሮ መሐንዲሶች የሚመራ ነበር። በጊዜው አገሪቱ የነበራት መንገድ 6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገመታል።

ገንዘቡ ጥቂት፣ አገሩ ሰፊ ስለነበር ባለሥልጣኑ በመጀመሪያ ያደረገው ተገቢውን ነው፤ የተጎዱትን ዋና መስመሮች አነሣ። ቡናው ከጅማ እንዲወጣ በወሊሶና በወልቂጤ በኩል ያለው ጎዳና ተጠገነ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በሞጆ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው የስምጥ ሸለቆ መስመር ነበር። ካርታውን ያየ ሰው በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል አንድ ረጅም የደጋ ቀበቶ ተሸጉጦ መቅረቱን ያስተውላል። ይህ ቀበቶ የሶዶ፣ የመስቃን፣ የስልጤ፣ የሐዲያ፣ የከምባታና የወላይታ አገር ነው፤ ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አንዱ። ምድሩ የእንሰት ነው። እንሰት በትንሽ መሬት ብዙ ሰው ይቀልባል፤ ቆጮ ግን ከባድና ርጥብ ነው፣ በሰው ጀርባና በአህያ ሩቅ ገበያ አይደርስም። የማረቆ በርበሬ ዋጋ ያወጣል፤ እሱም ቢሆን ዝናም ሲመጣና አዋሽ ሲሞላ መንገድ ላይ ይቀራል። ወደ ውጭ የሚላክ ቡናን በሚያስቀድም ዕቅድ ይህ ምድር ተራው በቶሎ አይደርሰውም ነበር።

ገበያ የሚያገኝ ዕቃ ያልነበረው ምድር ግን አንድ ነገር በብዛት ልኳል፦ ሰው። በምኒልክ ዘመን ከተደረገው ዘመቻና ማስገበር በኋላ የጉራጌ ልጆች ለቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባ መውጣት ጀመሩ። ግብር በጥሬ ገንዘብ መከፈሉ፣ የመሬት ጥበትም፣ ፍልሰቱን አጠናከሩት። ተሸካሚው ቸርቻሪ፣ ቸርቻሪው ባለሱቅ ሆነ፤ ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታትም ጉራጌ ነጋዴ በመርካቶ ትልቅ ስፍራ ያዘ። በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ወደ አገሩ ይመለሳል። የከተማው ገንዘብና የገጠሩ ቤት የሚገናኙት በዚያ ጉዞ ነው፤ ጉዞው በዝናም ማብቂያ መሆኑ ደግሞ ጭቃውን ሁሉም በእግሩ እንዲያውቀው አደረገ።

ማኅበሩ

በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሁለት የመንገድ ማኅበራት በአዲስ አበባ ተቋቋሙ። አንደኛው ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ የሚገባውን መንገድ ያቀደው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ነው። ሁለተኛው የዓለም ገና–ወላሞ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር ነው፤ «ወላሞ» የዚያን ዘመን የመንግሥት አጠራር ነበር፣ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ወላይታ ብሎ ነው። ይህን ሁለተኛውን ማኅበር ኢትዮጵያዊው የሥነ ሰብ ምሁር ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት መርምሮታል። ማኅበሩ በመስመሩ ላይ ያሉ የተለያዩ ሕዝቦችን በአንድ መዝገብ ያሰባሰበ ነበር፤ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ መኮንኑ አብረው ገቡበት። ገንዘቡ ከአባላት መዋጮና ከመንግሥት ድጋፍ ተገኘ።

እንደ ኢኮኖሚስት ይህ ነገር መከሰቱ ራሱ ያስደንቀኛል። ማንከር ኦልሰን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965፣ ማለትም ማኅበሩ ገና በጅምር ላይ ሳለ፣ ስለ የጋራ ተግባር ሎጂክ ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ ብዙ ሰው በሚጠቀምበትና ማንንም መከልከል በማይቻልበት ነገር ላይ አስተዋይ ሰው ሌላው ከፍሎ እሱ እንዲጠቀም ይጠብቃል፤ ሁሉም ሲጠባበቅ ሥራው ይቀራል። መንገድ ዋነኛው ምሳሌ ነው። በሶዶ መንገድ ላይ ያልከፈለ ሰው ከከፈለው እኩል ይሄዳል።

ኦልሰን ራሱ መውጫ አመልክቷል፤ ትልቅ ቡድን የሚሳካለት ለከፈለው ብቻ የሚሰጠው፣ ላልከፈለው የሚነፍገው ሌላ ነገር ሲኖረው ነው አለ። የአዲስ አበባ ነጋዴ ይህ ነገር በእጁ ነበረው። ዕድርና ዕቁብ የሚያስተሳስሩት ሰው መንገድ ላይ እንዳይሄድ አይከለከልም፤ ዕቁብ ላይ ግን ዋስ ሊያጣ ይችላል። ስሙ በመዋጮ መዝገብ ላይ አለመኖሩ በለቅሶ ቤትና በመስቀል በዓል ይነሣበታል። በመርካቶ ብድር የሚገኘው በባንክ መያዣ ሳይሆን በስም በነበረበት ዘመን ደግሞ ስም ማጣት ካፒታል ማጣት ነው። ስለዚህ መዋጮውን በጎ አድራጎት ብቻ አድርጎ ማየት ያሳንሰዋል፤ አባሉ ከከተማ ኑሮው ጋር የተሳሰረ ክፍያ ነበር የሚከፍለው።

ሁለተኛው ምክንያት የመንግሥት ድጋፍ ነው። ባለሥልጣኑ ሁሉን ሠርቶ የማይጨርሰውን አገር ሕዝቡ «እኔ ልጀምር» ሲለው ጥቅሙ ግልጽ ነበር። ለማኅበሩም ድጋፉ ተጨማሪ ማባበያ ሆነ፤ አንድ ብር ያዋጣ ሰው ከአንድ ብር በላይ የሚያወጣ መንገድ ያገኛል። ሦስተኛው ምክንያት የፖለቲካ ነው። ማኅበር መቋቋም በጥርጣሬ በሚታይበት ዘመን መንገድ መጠየቅ ከሁሉ ያነሰ አደጋ ነበረው። በዚያው ዘመን በራስ አገዝ ማኅበርነት የተነሣው የሜጫና ቱለማ ማኅበር ጥያቄው ከትምህርት ቤትና ከመንገድ ሲያልፍ በ1959 ዓ.ም. ታገደ። የመንገድ ማኅበሩ ጥያቄ በኪሎ ሜትር የሚለካ ስለነበር ከቤተ መንግሥቱ ጋር ለመስማማት አልተቸገረም።

ማን ተጠቀመ?

የመንገድ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ በሪባን መቁረጥ ያበቃል። የኢኮኖሚ ታሪክ ከዚያ ነው የሚጀምረው። መንገድ ሲገባ የማጓጓዣ ዋጋ ይወርዳል፤ የወረደው ዋጋ ግን አየር ላይ አይቀርም፣ አብዛኛው ወደ መሬት ዋጋና ኪራይ ይገባል። ታዲያ መሬቱ የማን ነበር? በደቡብ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። ምርቱን ለባለርስቱ የሚያካፍል ሰው መንገድ መጣለት ማለት የባለርስቱ ድርሻ ዋጋ ጨመረ ማለት ነው።

የመንገዱ መድረሻ የሆነችው ወላይታ ይህን ክርክር አስቀድማ አይታዋለች። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ገርማሜ ንዋይ የወላሞ አውራጃ ገዥ ሳለ መሬት ለሌላቸው ጠፍ መሬት ማደል ጀምሮ ነበር። ባለርስቶቹ አቤት አሉ፤ እሱም ወደ ጅጅጋ ተዛወረ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ከመሪዎቹ አንዱ ሆኖ ሕይወቱን አጣ። ማኅበሩ የተቋቋመው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ገርማሜ ከመሬት ጀመረ፣ አልተፈቀደለትም፤ ማኅበሩ ከመንገድ ጀመረ፣ ተፈቀደለት። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጧቸው ዘመኑ ምን ዓይነት ልማት ይፈቅድ እንደነበር ይታያል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ሲጀመር የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ መሬቱን ትርፋማ አደረጉት፤ ባለርስቶችም ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን አባረሩ። መሬት ሳይነካ የሚመጣ መሻሻል ማንን እንደሚያበለጽግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬትን ከባለርስት እጅ ካወጣ በኋላ ነው የመንገድ ጥቅም ለአራሹ የሚደርስበት ዕድል የሰፋው።

በቅርቡ ዘመን ያለው መረጃ ይህን ያጠናክራል። ስቴፋን ዴርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ታሰው ወልደሃና እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት አሥራ አምስት የኢትዮጵያ መንደሮችን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። ከመንደሮቹ መካከል የጉራጌዋ እምድብር፣ የከምባታዋ አዜ ደቦዓና የወላይታዋ ጋራ ጎዶ ይገኛሉ። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 በመቶኛ ነጥብ እንደቀነሰ፣ የፍጆታ ዕድገትንም በ16.3 በመቶ እንደጨመረ ገምተዋል። የማኅበሩ መሥራቾች ይህን ቁጥር አላዩም፤ አቅጣጫውን ግን አልሳቱም።

የጠጠር ትውስታ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነጻ ማኅበራት ቦታ አጡ፤ መንገድም ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1997 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ሁለት አሥርት ዓመታት ሳይሞሉ ከ110 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ። የሶዶ መስመርም ጥርጊያ፣ ጠጠር፣ በመጨረሻም በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ጭምር አስፋልት ሆነ። ዛሬ ተጓዡ በመልካ ቁንጡሬ አዋሽን በድልድይ ይሻገራል፤ የጢያን ትክል ድንጋዮች በስተዳር ትቶ፣ ቡኢንና ኬላን አልፎ፣ ቡታጅራ ደርሶ ምሳ ይበላል። ከሆሳዕና ወዲያ አረካ አለች፤ ከአረካ ወዲያ ሶዶ። መስመሩ ማኅበሩ ያሰበው መስመር ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መንግሥት የሚያነጥፈው አስፋልት ብዙ ጊዜ የሚከተለው አስቀድሞ የተከፈተውን ዱካ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መዋጮ ዋና ውጤት የተቆፈረው አፈር ሳይሆን ካርታው ላይ የተጨመረው መስመር ነበር።

ከዚህ ግን አንድ የማይመች መደምደሚያ ይከተላል። መንግሥት ድጋፉን «ያዋጣ ይሰጠዋል» በሚል መርህ ካደለ፣ መጀመሪያ የሚጠቀመው ከተማ ውስጥ ሀብታም ልጆች ያሉት ወረዳ ነው። መርካቶ ሱቅ የሌለው፣ ጄኔራል ያልወለደ ገጠር ከሰልፉ ኋላ ይቆማል። አሜሪካ ይህን በሌላ መንገድ ፈታችው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ከነዳጅ ቀረጥ በሚሰበሰብ ገንዘብ የኢንተርስቴትን ወጪ 90 በመቶ ሸፈነ፤ ድሃው ሞንታናም ሀብታሙ ማሳቹሴትስም በአንድ ጎዳና ተገናኙ። ይህም የራሱ ዕዳ አለበት። የፌዴራሉ የቤንዚን ቀረጥ ከ1993 ጀምሮ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ላይ ቆሟል፤ የመንገዱ ዕድሜ ግን አልቆመም።

ወጪው ያልተደለደለ መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ በመጨረሻው ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በሲያትሉ ሶዶ ወደቡ ዳር ኮንቴይነር ከሚያመላልሱት ሾፌሮች ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ናቸው፤ የእኛ ልጆች ከመካከላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ክረምት በመቶዎች የሚቆጠሩት ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራ ሲያቆሙ ካነሧቸው ቅሬታዎች አንዱ፣ ራሳቸው ባልጫኑት ከመጠን ያለፈ ጭነት ቅጣቱን እነርሱ መክፈላቸው ነበር። መንገዱን የሚሰብረው ጭነት የላኪው፣ ቅጣቱ የሾፌሩ።

ለእኛስ?

ዛሬ ለአገር ቤት መንገድ የምናዋጣ ሰዎች የዚያ ማኅበር ወራሾች ነን፤ በእጃችን ያለው ግን ግማሹ ውርስ ነው። ገንዘቡ አለን፣ ስልኩ አለን፣ ዝርዝሩም በየቡድኑ ይለጠፋል። ዓመታዊው የመስቀል ጉዞ ግን የለንም። የመርካቶው ነጋዴ በየዓመቱ በመንገዱ ይሄድ ስለነበር ጎርፍ የወሰደውን ቦታ በዓይኑ ያያል፤ ያየውንም ለማኅበሩ ይናገራል። እኛ የምናየው ሲመረቅ የተነሣውን ፎቶ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እወስዳለሁ። መጀመሪያ፣ መዋጮ የሚሻለው መስመር ለመክፈት፣ ጥናት ለማሠራት፣ ለተዘነጋ ሥፍራ ተራ ለማስያዝ ነው፤ አስፋልት ለማንጠፍ የመንግሥትን ቦታ መያዝ የለበትም። ሁለተኛ፣ ከሚሰበሰበው ገንዘብ አንድ ክፍል ከመጀመሪያው ቀን ለጥገና ይለይ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከነዳጅ የሚሰበሰብ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ያቋቋመችው ጥገና በፈቃደኝነት እንደማይጠበቅ ስለታወቀ ነው። ሦስተኛ፣ እና ከሁሉ የሚከብደው፣ ከአገራችን መንደር ቀጥሎ ያለው መንደር ልጅ እንደሌለው እናስብ። የዓለም ገናው ማኅበር ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። የሶዶ ሰው መንገዱ ሶዶ ሲደርስ ገንዘቡን ይዞ መመለስ ይችል ነበር። መዝገቡ ግን በስልጤ፣ በሐዲያና በከምባታ በኩል አልፎ እስከ ወላይታ ድረስ ተዘረጋ፤ ከራሱ ቤት ደጃፍ አልፎ ለሚሄደው ኪሎ ሜትር የከፈለ ሰው ስለነበረ ነው መንገዱ መንገድ የሆነው።